ስታምጥ ያደረችው በግ

ደብረ ብርሃን ላይ የእንስሳት ሐኪምነት ፈቃድ ፈላጊዎችን የሚፈትኑት ዶክተር ኪዳነወልድ ናቸው። ተፈታኝ በመጣል ስማቸው የገነነ ነው። አምና ጁወይሪያንም ጥለዋታል።

እነሱማ ከዚያም በፊት ተጣልተዋል። ጁወይሪያ ትምህርቷን ጨርሳ አልዩ አምባ በገባች ሰሞን የጎረቤቷ የመሪማ ላም ምጥ ጠናባትና ያለ ፈቃድ አዋለደቻት። ወሬው እግር አውጥቶ ደብረ ብርሃን ደረሰ። ዶክተሩ አስጠርተው በሰው ፊት ተቆጧት።

«ፈቃድ ሳይኖርሽ እጅሽን ከብት ላይ እንዳታሳርፊ!»

«ላሟ እኔ ፈቃድ እስካወጣ አትጠብቅም ነበር» አለቻቸው። አንገቷን እንኳ አልደፋችም።

ዘንድሮም ከወደቀች አበቃላት። አልዩ አምባ ላይ ለክሊኒክ ያሰናዳችው ቤት ተቆልፎ ከርሟል፤ ያለ ፈቃድ አይከፈትም። አከራይዋ አሊ ደግሞ ከዚህ ወዲያ አልጠብቅም ብሏታል። የቤቱን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንደያዘች፣ የቆላ ልብሷን እንደለበሰች፣ በደጋው ብርድ እየተንቀጠቀጠች ለፈተናው ደረሰች።

ከእሷ በፊት የገባው ተስፋሚካኤል እየሳቀ ወጣ።

«ቀላል ነው!» አላት። «አንዲት በግ ምጥ ጠንቶባታል። የምጥ መርፌ አዝዤ ወጣሁ። ሁሉም የጻፈው እሱኑ ነው።»

ገባች። ከዶክተሩ አጠገብ ከመዘዞ የመጡ አንዲት እናት፣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ተከናንበው ተቀምጠዋል። የበጓ ባለቤት ናቸው።

«ጠይቂያቸውና ሕክምናውን ጻፊ» አሉ ዶክተሩ። ወደ ወይዘሮዋም ዞር ብለው፣ «ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ይንገሯት» አሏቸው።

«ምን ሆነችብዎ፣ እማማ?»

«አፈር ልብላላት! እህል ውሃ እምቢ አለች። ከእጄ ፉርሽካ ለምዳ ያደገች፣ እንደ ልጅ የምትከተለኝ! ሆዷ ተነፋ። ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አደረች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።» ትዝ ሲላቸው እንባቸው መጣ።

«ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች?»

«እሷ? ከየት አምጥታ!»

ጁወይሪያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በጓ የት ናት?»

«ጓሮ ናት» አሉ ዶክተሩ። «የታዘዝሽው ግን ጠይቀሽ እንድትጽፊ ነው።»

«ሳላያት መድኃኒት አላዝም።»

«ሌሎቹ ሳያዩ አዘዋል።»

«ይዘዙ። እኔ ወላሂ አላዝም!»

ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ከዚህ ክፍል ከወጣሽ ተመልሰሽ አትፈተኚም» አሏት።

ጁወይሪያ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። ሰውየው የመሪማን ላም ቂም ሊወጡብኝ ነው ስትል አሰበች።

«ያኔ ሳይፈቀድልሽ አትንኪ አሉኝ። ዘንድሮ ደግሞ ሳታዪ እዘዢ ይሉኛል። እንዲህ ያለ ፈቃድ ጥንቅር ይበል!»

ወረቀቱን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ «ኧረ ቆይ ልጄ!» እያሉ ተከተሏት። ቆይታ አልጠበቀቻቸውም።

ሕንፃውን ዞራ ጓሮ ስትደርስ ዶክተር ኪዳነወልድ በኋላ በር ቀድመዋታል። የጋጣውን መዝጊያ ይዘው ቆመዋል። የሚስቁም ይመስላሉ።

«ያስማጣት የሽንቷ መዘጋት ነበር፤ ባለፈው ሰኞ እኔው አክሜያት ድናለች» አሉ። «ዛሬ ከተፈተኑት ሁሉ እዚህ በር የደረስሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

መዝጊያውን ከፈቱላት።

በጓ ሙክት ነበረች።