ነጩ መስመር

ሰውየው በጊዜ ማሽኑ ወደ ድሮ ተመልሶ የወጣትነት ፍቅረኛውን ደጃፏ ላይ ሲያቅፋት፣ ሶፋው ላይ ከባሏ ጋር ተቀምጣ ፊልሙን የምታየው ሴት ጣቷን ወደ አዲሱ ስስ ቴሌቪዥን ቀሰረች። "እዚህ ጋ እኮ ነጭ መስመር ነበረው፤ ምስሉም ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እንዴት ጠርቷል" አለችና ፈገግ አለች።

ባሏ ሊቅም የነበረውን ኦቾሎኒ እንደጨበጠ ቀረ። ይህን ፊልም አብረው ያዩት አንድ ጊዜ፣ በእጮኝነታቸው ዘመን ሲኒማ ቤት ገብተው ነው። እዚያ ምንም መስመር አልነበረም። ዛሬ ስልክ ቢጠግንም ዕድሜውን የፈጀው የቪዲዮ ማጫወቻ ሲፈታና ሲገጥም ነው፤ ካሴት እንዲህ ተፍቆ መስመር የሚያወጣው አንዱን ቦታ ደጋግመው ሲያቆሙት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

"የማን ካሴት ነበር?" አለ እንደ ዋዛ።

"የታላቅ ወንድምህ ነዋ። አንተ ለሥልጠና የሄድክ ጊዜ እያመጣ ያሳየኝ አልነበር?"

"እዚህ ጋ ማን ነበር የሚያቆመው?"

ዓይኗን ከተቃቀፉት ሰዎች ሳትነቅል ሪሞቱን አነሳች፣ አውራ ጣቷ ቁልፉን ራሱ ፈልጎ አገኘው፣ ምስሉም ቀጥ አለ። ጠርቶ፣ ሳይንቀጠቀጥ ቆመ። ባልየው ኦቾሎኒውን ወደ ሳህኑ መለሰ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ሲውል ስንት ጊዜ ብታቆመው፣ ይኼኛው መስመር አያወጣም።