የተዋሱት ወንበር

የተዋናይዋ አባት ከየጎረቤቱ ወንበር ተውሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው «ልጅዎን ለልጃችን» የሚሉ ሽማግሌዎችን ሲጠብቁ ዋሉ። ማንም አልመጣም። አመሻሽ ላይ ፍቅረኛዋ ብቻውን መጥቶ ከበር ላይ አስጠራት።

«እማዬ እምቢ አለች። በቴሌቪዥኑ ድራማ የሰው ባል ስትቀሚ አይታሽ፣ ‹እንዲህ ያለችዋን ቤቴ አላስገባም› አለች።»

«ትወና መሆኑን አልነገርካትም?»

«ነገርኳት። ‹ባሕርይው ሳይኖርባትማ እንዲህ አይዋጣላትም› ነው የምትለው።»

በዚሁ ድራማ የተነሳ ታክሲ ውስጥ «ባለጌ» ብላ የሰደበቻት ሴትዮ ትዝ አለቻት። ያን ቀን እንባዋን የጠረገላት እሱ ነበር።

«ድርሰቱ ያንተ መሆኑንስ ነግረሃታል?» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

«እሱንማ ታውቃለች። ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ ነው የጻፈው› እያለች ስትኮራብኝ ነው የምትውለው።»