የተሸናፊዎቹ ባጅ

አንዲት ቃል ብጨምር ዕድሜዬ ይጠር፤ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው።

ኦሃዮ ውስጥ የድሮ የምርጫ ባጅ፣ ያችን የዕጩ ፊት የታተመባት ደረት ላይ የምትሰካ ቆርቆሮ፣ ሰብሳቢዎች በየዓመቱ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ይገናኛሉ። ደንባቸው ጨካኝ ነው፤ ዳኛው «ሐሰተኛ» ያለው ባጅ እዚያው ባለቤቱ ፊት በመዶሻ ይደቅቃል። ዳኛው ቬርል ሃስኬት ነው። የመቶ ዓመት ቀለም ከሦስት ግዛት ማዶ ያሸታል ይባልለታል።

ከሃያ ዓመት በፊት የክላይድ ትራስክን ባጅ አደቀቀ። «አጭበርባሪ» ብሎም ከማኅበሩ አስባረረው። ክላይድ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ሳይሄድ ሞተ። ሚስቱ ኦፓል ግን ከጉባኤው አንድም ዓመት አልቀረች። ወንበር ትደረድራለች፣ የቼሪ ፓይ ትቆርሳለች፣ ቂሟን ታመነዥካለች።

ዘንድሮም ማልዳ መጥታ የቬርልን የመስታወት ሣጥን ከውጭ በኩል ወለወለችለት። ውስጡ ያለችው ኩራቱ ናት፤ በ1920 አብረው ተወዳድረው የተሸነፉ የሁለት ዕጩዎች፣ የፕሬዚዳንቱና የምክትሉ፣ ፊት ያለባት ባጅ። የተሸናፊን ባጅ ማን ያስቀምጣል? ስለዚህ ብርቅ ናት። የቬርሏ ደግሞ ጠርዟ ላይ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ጭረት አለባት፤ ፎቶዋን በየዓመቱ ላየውም ላላየውም ያድላል።

ከሰዓት በኋላ ኦፓል ከመሀረቧ አንዲት ባጅ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የ1920፣ ሁለት ፊት።

«ከክላይድ መሳቢያ አገኘኋት እንዳትዪኝ ብቻ!» አለ ቬርል። አዳራሹ ሳቀ።

«ከየትም ትምጣ። ዐዋቂው አንተ አይደለህ? ፍረድ።»

«ባል በቆርቆሮ ሲቀጥፍ ኖረ፤ ሚስት ደግሞ ቀጠለች!»

«ሙት አትውቀስ፣ ቬርል። ይልቅ በደንብ እያት፤ ኋላ እንዳይቆጭህ።»

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። ቀለሟን መረመረ፣ የጀርባዋን ዝገት አሸተተ። ለአፍታ ግራ ገባው። ወዲያው ጭረቷን አየና ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተው።

«ጭረቷንም ሳይቀር ገልብጣዋለች! ጎበዝ፣ ይህ ጭረት በዓለም ላይ አንድ ባጅ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እሷም ያችውላችሁ፣ መስታወቱ ውስጥ!»

ሁሉም ዞሮ አየ። እውነትም ተቀምጣለች።

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ኦፓል።

«በክላይድ ባጅ እርግጠኛ የነበርኩትን ያህል!»

መዶሻውን አሳረፈው። ድምፁ ኬንታኪ ድረስ ላም አስደነበረ። ኦፓል ስብርባሪውን በመሀረቧ ቋጥራ የቬርል ኮት ኪስ ውስጥ ከተተችለትና ኮቷን ለብሳ ወጣች።

እዚህ ላይ ላብቃ። እርግጥ አንዲት ትንሽ ነገር ዋሽቻችኋለሁ፤ ኦፓል ሣጥኑን የወለወለችው ከውጭ ብቻ አልነበረም።