የቀኙ ሰሌዳ

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ አንዳንዱን ዝርዝር አዛብቼው ይሆናል። ሁለቱን የናስ ቁጥሮች ግን አልረሳም። የአባትየው ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ የልጅቷ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ሁለት ሰሌዳዎች ነበሩ። ሠራተኛው ሲገባ ቁጥሩን በግራው ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ወደ ቀኙ ያዛውረዋል። በመውጫ ሰዓት ሰሌዳው ፊት ያለው ግፊያ አይጣል ነው።

አባትየው ቀለም ነካሪ ነበር፤ ልጁም እዚያው ትሠራ ነበር። ልጁን አያድርስ ያቀማጥላታል። ምሳዋን ተሸክሞ ይመጣል፣ ጫማዋን ይወለውላል፤ እሷም ወረፋ የሚባል ነገር አታውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ ስታገባ ባሏም ቤት ልትከተላት ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

«ምን ችግር አለው? ሰፊ ቤት ያለው ይፈለግላታላ!» ይላል።

አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አመሻሽ ላይ የምድር ቤቱ የጥጥ መጋዘን ተደረመሰ። ዘበኛው ሮጦ ሰሌዳውን አየ። ግራው ባዶ ነው።

«እፎይ! አንድም ሰው አልቀረም» አለ። ጉድጓዱን በአፈር ደለደሉት።

ልጅቷ ቤት አልገባችም። የፋብሪካው አንድ የጭነት መኪና ሾፌርም ከዚያች ዕለት ወዲህ አልታየም። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ስለነበር ነገሩ ኮብልላለች ተብሎ ታለፈ። አባትየው ሾፌሩን ሲረግም ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ቆይቶም ሰፈሩ መልኩን ቀየረ። ጭስ ማውጫው ነጭ ተቀባ፤ የፈትል አዳራሹ ባለ ትልልቅ መስኮት መኖሪያ ሆነ። «ጸጥታ የሰፈነበት ኑሮ» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ዘበኛው ባለ ወርቃማ ቁልፍ ኮት ለብሶ እዚያው በር ላይ ቆመ።

«ድሮ እንዳታመልጡ ነበር የምጠብቃችሁ» ይላል የድሮ ሠራተኛ ሲያይ። «አሁን እንዳትገቡ ነው።»

የሠራተኞቹ ቤቶች አንድ በአንድ ፈረሱ። የቀለም ነካሪው ብቻ ቀረ።

«አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ና» ትለዋለች ትንሿ ልጁ። «እዚህ ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

«እህትሽ ስትመጣ በሩን ማን ይከፍትላታል?»

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የመጣው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰፈሩ ፈረሰ ሲሉ ሰምቼ... እሷ ደህና ናት? አገባች?»

ሽማግሌው ኮሌታውን አነቀው። «ልጄን የት አደረስካት?»

«እኔ? አውቶቡስ ተራ እስኪመሽ ጠበቅኳት እኮ! ሐሳቧን ለውጣለች ብዬ ብቻዬን ሄድኩ።»

ማንም አላመነውም። ወሬውን የሰማ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እንደሚያይ አየው። እሱ ግን አልሸሸም፤ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ እዚያው ሰፈር ሰነበተ።

በሳምንቱ ለመኪና ማቆሚያ ሲቆፍሩ የድሮውን መጋዘን ከፈቱት። አጥንት ተገኘ። አጠገቡ በቀይ ክር የታሰረች ትንሽ መቀስ ነበረች። ቀለም ነካሪው መቀሷን ተቀበለና አገላበጣት። ክሩን ራሱ ነበር የነከረላት።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

«ቁጥሯ ቀኝ ላይ ነበር!» አለ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! እሷ ውስጥ ሆና ማን አዛወረው?»

የሁሉም ዓይን ሾፌሩ ላይ ተተከለ። አንዱ ክንዱን ያዘው።

የሆነውን ዘበኛው ነው የነገረኝ፤ ስለ ቀለም ነካሪው የሰማሁት የመጨረሻ ወሬም የዚያ ዕለት ነው። ሽማግሌው ቀለም የማይለቃቸውን ጣቶቹን ዘርግቶ ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው፤ ከዚያ ሄዶ የሾፌሩን ክንድ አስለቀቀ።

«ልጄ እንዳትሰለፍ ብዬ ነው» አለ።