የዞንዳኒ ስንቅ

የሬሳ ሳጥኑ በገመድ እየወረደ ነው፤ ካሶንዴ ግን እስካሁን አፉን አልከፈተም።

ንጎኒዎቹ እያዩት ነው። የሟቹ ወንድሞች፣ አጎቶቹ፣ የሚዘምሩት ሴቶች ሳይቀሩ ዓይናቸውን ከጉድጓዱ አንስተው እሱ ላይ ጥለዋል። ካሶንዴ የቤምባ ጎሳ ሰው ነው፤ የንጎኒ ጎሳ የቀልድ ዘመድ። የቀልድ ዘመድ ደግሞ ለቅሶ ላይ ሥራ አለው። ሟቹን ይሰድባል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ይገባና "ይሄ ሆዳም እዚህ አይቀበርም" ይላል፣ አልቃሹን በግድ ያስቃል። ድሮ አያቶቻቸው በጦር ይፈላለጉ ነበር፤ ኋላ ታረቁና ከጠቡ ውስጥ ስድቡን ብቻ አስቀሩ። ለቅሶ ላይ ዝም የሚለው ጠላት ነው።

ካሶንዴ የኮቱን ኪስ ይዳብሳል። ከኪትዌ ገበያ የገዛት የደረቀች የሜዳ አይጥ በጋዜጣ ተጠቅልላ እዚያ አለች። ንጎኒዎች ይወዷታል፣ ቤምባዎች ይጸየፏታል፤ ግማሹ ስድብ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሳጥኑ ላይ ሊጥልለት ነበር። "እንካ ስንቅህን፣ አንተ አይጥ በላ። ሰማይ ቤት ያለው ድመት ብቻ ነው አሉ።" ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ተለማምዶታል፤ ሲለማመድም አልቅሷል።

ሟቹ ዞንዳኒ በበኩሉ ቤምባውን "ዝንጀሮ በላ" ይለው ነበር። ሁለቱም ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ላይ ነው ያረጁት። "አንድ ቀን አይጧን ትቀምሳታለህ" ይለው ነበር ምሳ ሰዓት ላይ፣ "ያን ቀን የቀረብህን ሁሉ አስበህ ታለቅሳለህ።"

ትንሽ ራቅ ብላ ሚስ ዴልፖርት ቆማለች። ከኬፕ ታውን የመጣች የፋብሪካው የሠራተኞች ኃላፊ ናት፤ ዛምቢያ ከገባች መንፈቅ አልሞላትም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆንማ በቀለለው። ባደገችበት ሰፈር ሰውን በዘሩ መስደብ መጨረሻው ደም ነበርና፣ ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት እንደሚሰብር ከማንም በላይ ታውቃለች። ምሳ ቤት ውስጥ "አይጥ በላ" ሲባል የሰማች ዕለት ሁለቱንም ቢሮዋ ጠራቻቸው። ዞንዳኒ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ "ማዳም፣ ይሄ እኮ ወንድሜ ነው። ካልሰደበኝ ያመኛል" አላት። እሷ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። የተበደለ ሰው ፈርቶ ይስቃል ብለው አስተምረዋታል። ካሶንዴን፣ "አንዴ ከደገምከው ከሥራ ትሰናበታለህ" አለችው።

የካሶንዴ ሚስት የኩላሊት በሽተኛ ናት። የምትታከመው በፋብሪካው ክሊኒክ ነው፤ እሱ የተባረረ ቀን እሷንም ከበር ይመልሷታል። ሌላ ሐኪም ቤት የሚያስገባት አቅም የለውም።

አፈሩ መውደቅ ጀምሯል፣ አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለካሶንዴ ያቀበሉት የሟቹ አጎት ናቸው።

"ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?" ይሉታል ጎንበስ ብለው።

"ኧረ በፍጹም፣ አባባ።"

"ታዲያ ልጄን ሰው እንደሌለው ዝም ብላችሁ ትቀብሩታላችሁ?"

ካሶንዴ አፈሩን ይዝቃል፣ ይደፋል። የሳጥኑ ክዳን አሁንም በጥቂቱ ይታያል፤ አይጧን ለመጣል ጊዜው አሁን ነው። እጁ እስከ ኪሱ ይሄድና ይመለሳል። ሌላ ሰው አካፋውን ይቀበለዋል፣ ክዳኑም ይሸፈናል።

መቃብሩ ላይ አበባ የሚያኖሩት በየተራ ይጠራሉ፤ መጀመሪያ የዞንዳኒ ሚስት፣ በልጇ ስም የሉሱንጉ እናት የሚሏት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንባ አልወጣት ብሎ ዓይኗ እንደ ደረቀ ነው፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። አበባዋን ጉብታው ላይ ታኖርና ከደጋፊዎቿ ተላቃ ቀጥ ብላ ወደ ካሶንዴ ትመጣለች።

"አንተ ዝንጀሮ በላ" ትለዋለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ማነው አፍህን የሰፋው?"

ከንጎኒዎቹ አንዳንዶቹ ፈገግ ይላሉ። አሁን ይመልስላታል።

"ደስ ብሎህ ነው ኣ? ከእንግዲህ ምሳህን የሚሰርቅህ የለም።" እጇን ዘርግታ የኮቱን ጫፍ ትይዛለች። "ተናገር እንጂ። እንዴት እንደሚያንኮራፋ ተናገር። እግሩ እንደሚሸት ተናገር።" ድምጿ ይሰበራል። "በናትህ ካሶንዴ፣ አንዲት ቃል። ላልቅስበት።"

ካሶንዴ ወደ ሚስ ዴልፖርት ይመለከታል። ፊቷ ተለዋውጧል፤ እየሰማች ነው። ያበጠው የሚስቱ እግር ትዝ ይለዋል፣ ትናንት ማታ ጫማ እምቢ ያለው።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እመቤት" ይላል።

የሉሱንጉ እናት የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ታየዋለች። ከዚያ የኮቱን ጫፍ ትለቃለች።

"አሜን። ስለመጡ እናመሰግናለን" ትለዋለች፤ በደረቀ ዓይኗ ወደ ሴቶቹ ትመለሳለች።

አበባ ማኖሩ አልቆ ሰዉ ወደ አውቶቡሶቹ ሲያመራ ሚስ ዴልፖርት ትከሻውን ትነካዋለች። ዓይኗ እውነተኛ እንባ አቅርሯል።

"እንዲያ ስትሰድብህ መታገስህ ቀላል አይደለም" ትለዋለች። "በጣም አከበርኩህ።"

"አመሰግናለሁ፣ ማዳም።"

እሷ ስትርቅ ካሶንዴ መቃብሮቹ መሃል ካለው ትልቅ ኩይሳ ጀርባ ይዞራል። ጋዜጣውን ይፈታል። ጉድጓዱ ሞልቷል፣ ላዩ አበባ ለብሷል፤ ስንቋን የሚቀበል የለም። ዓይኑን ጨፍኖ የአይጧን ራስ ይቆረጥማል። ጨው አላት፣ ጢስ ጢስ ትላለች፤ ጸጉሯ ምላሱ ላይ ይቀራል። ዞንዳኒ እውነቱን ነበር። ትጣፍጣለች።

የአውቶቡሱ ጥሩንባ ይጮኻል።

"አይጥ በላ" ይላል ካሶንዴ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ በሹክሹክታ። እያኘከ የዞንዳኒን መልስ ይጠብቃል።