የአንገት መብራት

እትዬ ዘነበች ስላ ስታበቃ መሐረቧን ቶሎ አጠፈችው፤ ታናሽ ወንድሟ ይድነቃቸው ግን ደሙን አይቶ ነበር።

«እትዬ፣ በቃ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

አንገቱ ላይ ያለችው መብራት ቦግ አለች። ሰው ኮሚሽን የሚያገኝበትን ነገር ሲመክር እንድትበራ ሕግ ያዛል፤ ማጥፊያም የላትም። ይድነቃቸው ድሮ የሚያሻሽጠው ስልክ ብቻ ነበር። የስልኩ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጫማ ጨመረ፣ ቀጥሎ ፍራሽ፣ ዘንድሮ ደግሞ ክሊኒክ።

እህቱ ሳቀች። «አሳድጌህ ደንበኛ ልታደርገኝ? ያን ፍራሽ ግዢ ስትለኝም እንዲሁ በርታ ነበር። ወገቤን ጨረሰው!»

«አሁን ግን እውነቴን ነው።»

«ያኔስ?»

መብራቷን በመዳፉ ሸፈናት።

«እሺ፣ መብራትህ የማትበራበት አንድ ሐኪም ቤት ጥራልኝ፤ አሁኑኑ እነሳለሁ።»

የከተማውን ክሊኒኮች አንድ በአንድ ጠራ። መብራቷ አልጠፋችም። አንዱ ቢከዳኝ በሌላው እቆማለሁ ብሎ ከሁሉም ጋር ተዋውሎ ነበር።

«ተወኝ እንግዲህ፤ ዳማከሴ ይበቃኛል» አለችና ጋቢዋን ሳበች።

ስለ ፈጣሪ ብሎ እያለቀሰ ለመናት። እሷ ግን እንባውን አላየችም፤ የምታየው አንገቱን ነበር።