መሃሉ
በዚያ ዘመን ፒያኖ ሁሉ በሕግ ተገድቦ፣ ተጫዋቹ ከራሱ የፈጠረውን ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰማ፣ ሲደገም ግን ጸጥ ይል ነበር። ምንትዋብ የምትወደው የሙዚቃ ሥራ መጀመሪያውና መጨረሻው በኖታ የታሰረ፣ መሃሉ ግን ለተጫዋቹ የተተወ ነው።

ባሏ ዘርይሁን ሕመሙ ከጠናበት ወዲህ ከአልጋ አልወረደም።

"ምንትዬ፣ ልጃችን የተወለደች ቀን መሃሉ ላይ የተጫወትሽውን አሰሚኝ" አላት።

"እሱንማ ፒያኖው እምቢ ይላል። አዲስ ልፍጠርልህ።"

"አዲሱን አልፈልግም።"

መጀመሪያውን እንደ ኖታው ተጫወተች። መሃሉ ላይ ስትደርስ የዚያን ቀኑን ዜማ ጀመረች፤ ፒያኖው ጸጥ አለ። እሷ ግን መጫወቷን አላቋረጠችም። ዘርይሁን ጣቶቿን እያየ በደከመ ድምፁ ዜማውን ያንጎራጉር ጀመር።

መጨረሻው ክፍል ላይ የፒያኖው ድምፅ ተመለሰ። ምንትዋብ እጆቿን አነሳች፤ እሱ ዜማውን ገና አንጎራጉሮ አልጨረሰም ነበር።